«ኦልድ» ሁልጊዜ «አሮጌ» ነውን?

የእንግሊዝኛ ቅጽል መተርጎም ሲያዩት ቀላል ይመስላል። መምህሩ ሰሌዳው ላይ «ኦልድ» ብሎ ይጽፍና ከጎኑ «አሮጌ» ያሰፍራል፤ ተማሪዎቹም ይሸመድዳሉ። ጣጣው የሚመጣው በማግሥቱ ነው። «ማይ ኦልድ ፋዘር» የሚለውን ተርጉም የተባለ ልጅ «አሮጌው አባቴ» ይልና ክፍሉ በሳቅ ይሞላል። ልጁ እኮ የመለሰው የተማረውን ነው!

ነገሩ ጉንችሬ ለሚመደብ መምህር ይበልጥ ይከብዳል። እዚያ ብዙው ልጅ በቤቱ የሚናገረው ጉራጊኛ ነው፤ አማርኛ ሁለተኛው፣ እንግሊዝኛ ሦስተኛው ይሆናል። የአማርኛው ፍቺ ከተሳሳተ እንግዲህ በአንድ ጊዜ ሁለት ቋንቋ ይበላሽበታል።

እስቲ ቃሉን እንመርምረው። በአማርኛችን «አሮጌ» የሚባለው ዕቃ ነው፤ አሮጌ ጫማ፣ አሮጌ ቤት እንላለን። በሬ ከሆነ ያረጀ በሬ ነው። ወዳጅ ከሆነ የድሮ ወዳጅ፣ አባት ከሆኑ ደግሞ በዕድሜ የገፉ ወይም ሽማግሌ ይባላሉ። ለሴት «አሮጊት» የሚል ቃል ቢኖርም ፊት ለፊት ሲጠሩበት አያምርም፤ «እማማ» ማለቱ ይሻላል። ጉድጓድ ውስጥ የከረመ ቆጮ ለክቡር እንግዳ ይቀርባል፤ «አሮጌ ቆጮ» ብንለውማ ማን ይበላዋል?

«ሽማግሌ»ም ቢሆን ጥንቃቄ ይሻል። በሰባት ቤት ጉራጌ የጆካ ሸንጎ ላይ ተቀምጦ የሚዳኝ ሰው ሽማግሌ የሚባለው በዕድሜው ብቻ ሳይሆን በሥራውም ጭምር ነው።

አንዳንዴ ደግሞ ቃሉ ጨርሶ ይጠፋል። «ሃው ኦልድ አር ዩ?» ማለት «ዕድሜህ ስንት ነው?» ነው። በእንግሊዝኛ «ሲክስ ይርስ ኦልድ» የሚባለው ሕፃንም በእኛ ዘንድ የስድስት ዓመት ልጅ ነው፤ እርጅና ከየት መጥቶ!

ችግሩ የኛ ብቻ አይደለም። በፖርቱጋልኛ «ቬልዩ» የሚለው ቅጽል ከስሙ ሲቀድም «ቬልዩ አሚጉ» ማለት የቆየ ወዳጅ ነው፤ ከስሙ ሲከተል «አሚጉ ቬልዩ» ይሆንና ያረጀውን ወዳጅ ያመለክታል። በቦታው ብቻ ፍቺው ተለወጠ ማለት ነው።

አምሳሉ አክሊሉና ሞስባክ በ1973 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት የእንግሊዝኛ አማርኛ መዝገበ ቃላት በእጃችን ቢኖርም ምርጫው የመምህሩ ነው። እኛ የምንመክረው ቅጽሉን ብቻውን ሰሌዳ ላይ አለመጻፍ ነው። ከስም ጋር ተጣምሮ ይጻፍ፤ ልጆቹም ጥንዱን በአንድ ላይ ይያዙ።

ለመለማመጃ ያህል፦ «ዚ ኦልድ ቲቸር ኢዝ ናው ኢን ወልቂጤ» የሚለው ስለ ሽማግሌው መምህር ነው ወይስ ስለ ቀድሞው? ለመለየትስ ምን ዓይነት ዓረፍተ ነገር ቢጨመርበት ይበቃል?