የታረደ ዶሮን ስለ መመርመር
(ለጉባኤና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የቀረበ ትምህርት)



በበዓል ሰሞን በየቤቱ ዶሮ ይታረዳል። የዶሮ እርባታ ፕሮጀክት ባለበት ቦታ ደግሞ አርቢዎች ለጉባኤ ማዕድም ለገበያም ያቀርባሉ። ነገር ግን በመንደር አብዛኛው ዶሮ የሚታረደው የሥጋ መርማሪ በሌለበት በጓሮ ነው። ስለዚህ መርማሪዎቹ ቢላዋ የያዘው ሰውና ዶሮውን የምትበልተው እናት ናቸው። ምን መመልከት እንዳለባቸው አብረን እንማር።

1. ከመታረዱ በፊት

ጤነኛ ዶሮ ዐይኑ ብሩህ ነው፤ ሰው ሲቀርበው ይሸሻል። ክንፉን ጥሎ የሚያንቀላፋ፣ አፉን ከፍቶ የሚተነፍስ፣ አንገቱ የተጣመመ ወይም አረንጓዴ የሚያስቀምጠው ዶሮ አይታረድም። እነዚህ የፈንግል ምልክቶች ናቸው። ብዙ ዶሮዎች በድንገት ከሞቱ ግን አንዱንም አንንጭ፣ አንክፈት። ወደ ሰው ሊተላለፍ የሚችለው የወፍ ኢንፍሉዌንዛ ሊሆን ስለሚችል ለወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ወዲያው እናስታውቅ።

2. ላባው ከተነጨ በኋላ

ገላው በሙሉ ጠቁሮ ወይም ደም መስሎ ከቀላ ደሙ በሚገባ አልፈሰሰም፤ ምናልባትም ቢላዋ ሳይነካው ሞቷል። ይህ አይበላም። ደረቱ መንምኖ አጥንቱ እንደ ስለት ከወጣ ሕመሙ የቆየ ነውና ይወገድ። በአንድ ቦታ ብቻ የተመታ ወይም የበለዘ ከሆነ ግን ያ ቦታ ተቆርጦ ይጣላል፤ ሌላው ይበላል።

3. ሆዱ ሲከፈት

ከሁሉ በፊት ጉበቱን እንይ። ጤነኛ ጉበት ለስላሳና አንድ ዓይነት መልክ ያለው ነው። ጉበቱ አብጦ እንደ መርፌ ጫፍ ያሉ ነጫጭ ነጠብጣቦች ከታዩበት የዶሮ ኮሌራ ሊሆን ይችላል። በጉበት፣ በጣፊያና በአንጀት ላይ ግራጫ ወይም ቢጫ እብጠቶች ከበቀሉ የዶሮ ሳንባ ነቀርሳ ያጠራጥራል። ልብና ጉበት በቢጫማ ስስ ሽፋን ከተለበጡ፣ ወይም ሆዱ ውኃ ከቋጠረ፣ ወይም መጥፎ ሽታ ካለው ደግሞ ሥጋው ለምግብ አይሆንም።

«ጉበቱን ጥለን ሥጋውን እንብላ» የሚሉ አሉ። ነገር ግን ተዋሲው በደም ተሸክሞ ጉበት ከደረሰ፣ ያው ደም በሥጋው ሁሉ ዞሯል። ስለዚህ ሁሉም ይወገዳል። በአንጀት ውስጥ ትል ብቻ ተገኝቶ ሌላው ሁሉ ደኅና ከሆነ ግን አንጀቱ ተጥሎ ሥጋው ይበላል።

4. ሎሚና ጨው

እናቶቻችን ዶሮን በሎሚና በጨው ደጋግመው ማጠባቸው መልካም ልማድ ነው፤ ደምንና ሽታን ያስወግዳል። በሽታን ግን አያጥብም። እሳትም ቢሆን ሥጋው እስከ ውስጡ 74 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ እንደ ሳልሞኔላ ያሉትን ተዋስያን ይገድላል እንጂ፣ አንዳንድ ተዋስያን የተዉትን መርዝ አያጠፋም። ከዚህም በላይ የታመመው ዶሮ ድስት ከመግባቱ በፊት ቢላዋውን፣ መክተፊያውንና እጅን በክሏል። የተወገደው ሁሉ ለውሻ አይጣል። ይቃጠል ወይም ከውኃ ጉድጓድ ርቆ ውሻ በማይደርስበት ጥልቀት ይቀበር።

5. ለማን እንሽጠው?

የሙሴ ሕግ የእስራኤል ልጆች ራሱ የሞተውን እንዳይበሉ ከለከለ፤ ለእንግዳ መስጠትን ግን ፈቀደ (ዘዳ. 14፥21)። እኛስ? ጌታ ስለ ደጉ ሳምራዊ ከነገረን በኋላ ባልንጀራ ያልሆነ እንግዳ የለንም (ሉቃ. 10)። ፈንግል ሲገባ የታመሙትን ወደ ገበያ ማሯሯጥ የተለመደ ነው። ምክንያቱን እናውቃለን፤ የዶሮዋ ዋጋ የልጅ ደብተርና የቤት ጨው ነው። ነገር ግን የተሸጠችው ዶሮ ሕመሙን ይዛ ሌላ መበለት ጓሮ ትገባለች።

ስለዚህ «አትሽጡ» ብቻ ማለት አይበቃም። ቢሾፍቱ የሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት የፈንግል ክትባት ያመርታል። ክትባቱ የታመመችውን አያድንምና በሽታው ሳይገባ ይሰጥ። ዶሮዎቿን ለቀበረች እናት ደግሞ ጉባኤው ሁለት ቄብ ዶሮ ቢተካላት፣ እውነተኛ መሆን ለእርስዋ ብቻ ሸክም አይሆንባትም።

ለውይይት፦
ሀ. በአካባቢያችን የታመመ ዶሮ ወዴት ይሄዳል?
ለ. ለጉባኤ ማዕድ የሚታረደውን ማን ይመርምር?
ሐ. ዶሮው የሞተበትን ቤተሰብ በምን እንርዳ?