ለዶሮ መኖ የሚሆን የዝንብ እጭ በሕይወት አቆያየት

ብላክ ሶልጀር ፍላይ የሚባለውን ዝንብ እጭ በአትክልትና በወጥ ቤት ትራፊ እያራቡ ለዶሮ መስጠት እየተለመደ መጥቷል። ስለ ማራባቱ ብዙ ይነገራል፤ ከተሰበሰበ በኋላ ስለሚቆይበት ሁኔታ ግን እምብዛም አይወሳም። አርቢው ሁለት ሳምንት የደከመበትን እጭ በአንድ ሌሊት ሊያጣው ይችላል።

እኛም መጀመሪያ ላይ ይኸው ደርሶብናል። ማታ በጆንያ ሞልተን፣ አፉን አስረን ያሳደርነውን እጭ ጠዋት ስንፈታው ግማሹ ሞቶ ይሸት ነበር። እጭ በብዛት ሲከመር ራሱ ሙቀት ያወጣል፤ አየር ሲያጥረው ይታፈናል፤ ከትንፋሹ የሚወጣው እርጥበትም ክምሩን ያረጥበዋል። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲደርስ ለሕይወቱ አስጊ ነው።

ስለዚህ እጩን በመጀመሪያ በወንፊት ከትራፊው መለየት፣ ከዚያም ሰፊ ሳፋ ላይ ከ5 ሴንቲሜትር ባልበለጠ ውፍረት ማስፋት ይገባል። ደረቅ ፉርሽካ ቢደባለቅበት እርጥበቱን ይመጥለታል፤ ለእጩም ጥቂት ምግብ ይሆነዋል። ውኃ አያስፈልገውም። የሳፋው ግድግዳ ደረቅ ከሆነ እጩ መውጣት አይችልም፤ እርጥብ ከሆነ ግን ተጣብቆ ይወጣና ጠዋት ወለሉ ላይ ተበትኖ ይገኛል። በላዩ ጥሩ አየር የሚያስገባ የሽቦ ወንፊት ቢደረግበት አይጥና ወፍ አይደርሱበትም።

ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ባለው ቀዝቃዛ ቦታ እጩ እንቅስቃሴውንና ዕድገቱን ስለሚቀንስ ለቀናት ይቆያል። እንደ ደብረ ብርሃን ባለ ደጋ አገር ጥላ ያለበት ክፍል ለዚህ ይረዳል። እንደ ወረር ባለው ቆላ ግን በቀዝቃዛ ቦታ ማቆየት አስቸጋሪ ስለሆነ በየቀኑ የሚበቃውን ያህል ብቻ መሰብሰብ ይሻላል።

ቀለሙንም መመልከት ጠቃሚ ነው። ነጣ ያለው እጭ ገና የሚበላ ነው። ጠቆር ያለው ምግብ አቁሟል፤ ደረቅ ቦታ ፈልጎ ይሸሻል፤ ቆዳውም ጠንካራ ስለሆነ ለትንንሽ ጫጩቶች አይመችም። ከዚህ ጥቂቱን ለዘር ማስቀረት ይበጃል። የሚወጣው ዝንብ አይናከስም፤ እንደ ቤት ዝንብም ምግብ ላይ አያርፍም፤ ጎረቤት ቢያማርር ይህን ማስረዳት ይቻላል።

እጭ ብቻውን የተሟላ መኖ አይደለም። ከበቆሎና ከፋጉሎ ጋር እንደ ተጨማሪ ይሰጥ። ፀረ ተባይ የተረጨ አትክልት የበላ እጭ ለዶሮ አይሰጥ። የሞተውና የሸተተውም እየተለቀመ ይቀበር። በተለይ ከበሰበሰ እንስሳ ሬሳ ላይ የተለቀመ ትል ከቶ ለዶሮ መሰጠት የለበትም። በሬሳው ውስጥ የሚፈጠረው መርዝ በትሉ አማካይነት ወደ ዶሮዋ ይገባና እግሯንና ክንፏን ያሽመደምዳል፤ አንገቷም ይዝላል፤ ብዙ ጊዜም ትሞታለች።