ትራሳችን ሥር ያለው እሳት

ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ስንተኛ በቤታችን እሳት ሳይጠፋ እንዳንተው ማዘዛቸውን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። ዛሬ ዶርም ውስጥ ሻማ የሚያበራ ጥቂት ነው። ስልኩን ቻርጅ ላይ ሰክቶ ትራስ ሥር ከትቶ የሚተኛው ግን ብዙ ነው። ያበጠ ባትሪ የሚሰካም አይጠፋም፤ ኧረ ተዉ!

በሊቲየም አዮን ባትሪ ውስጥ አዮኖች የሚመላለሱት በፈሳሽ ኤሌክትሮላይት ነው፤ ፈሳሹ ደግሞ ተቀጣጣይ ነው። አሉታዊው ዋልታ ግራፋይት ሲሆን በግራም እስከ 372 ሚሊአምፒር ሰዓት ይይዛል። በሊቲየም ብረት ቢተካ 3860 ገደማ ይደርሳል። ችግሩ፣ ባትሪው ቻርጅ ሲደረግ ሊቲየሙ እኩል አይነጠፍም። ደንድራይት የሚባል እሾህ ያበቅላል፤ እሾሁ ሌላኛውን ዋልታ ከነካ ባትሪው ሾርት ያደርጋል፣ ፈሳሹም ይቀጣጠላል።

ፈሳሹን በጠጣር ፖሊመር የመተካት ሐሳብ የመጣው ከዚህ ነው። ፒተር ራይትና ባልደረቦቹ ጨው የሟሟበት ፖሊኢቲሊን ኦክሳይድ አዮን እንደሚያስተላልፍ አሳወቁ፤ ሚሼል አርማንድ ደግሞ ለባትሪ እንዲውል ሐሳብ አቀረበ። አሠራሩ፣ መስጂድ ሲገነባ ተሰልፈን ጡብ ከእጅ ወደ እጅ እንደምንቀባበለው ነው፦ በፖሊመሩ ሰንሰለት ላይ ያሉት የኦክስጅን አቶሞች ሊቲየሙን ይቀባበሉታል። ለመቀባበል ግን እጅ መንቀሳቀስ አለበት። በክፍል ሙቀት አብዛኛው ሰንሰለት ተደርድሮ ይረጋል፤ አዮን የማስተላለፍ አቅሙም ከፈሳሹ ከሺህ እጥፍ በላይ ያንሳል። እጁ የሚፍታታው ከ60 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሲሞቅ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2011 ፓሪስ ውስጥ ሥራ የጀመሩት የኦቶሊብ የኪራይ መኪኖች ይህን ዓይነት ባትሪ ይዘው ነበር፤ ቆመውም ባትሪያቸው ሞቆ መቆየት ነበረበት። በ2022 ደግሞ እዚያው ፓሪስ በተመሳሳይ ቴክኖሎጂ የሚሠሩ ሁለት አውቶቡሶች ተቃጥለው 149 አውቶቡሶች ለጊዜው ከሥራ ወጡ። ጠጣሩ አይፈስም፣ በቀላሉም አይተንም፤ ነገር ግን ፖሊመሩም ሊቲየሙም ይነዳሉ። «ጠጣር ከሆነ አይቃጠልም» የሚሉ ማስታወቂያዎችን በጥንቃቄ አንብቡ።

የኬሚስትሪና የማቴሪያል ተማሪዎች ሆይ፣ ቋጠሮው እዚህ ጋ ነው፦ አዮን እንዲያልፍ ፖሊመሩ ለስላሳ፣ እሾሁን እንዲያግድ ደግሞ ጠንካራ መሆን አለበት። አንዳንዶች ጠንካራውን ፖሊስታይሪን ከለስላሳው ሰንሰለት ጋር ያጋምዳሉ፤ ሌሎች የሴራሚክ ዱቄት ይቀላቅላሉ። የመመረቂያ ርዕስ የቸገረው ካለ፣ በክፍል ሙቀት ሁለቱንም አሟልቶ በሰፊው ገበያ ላይ የዋለ ፖሊመር ገና የለም።