ለጥቁርና ነጭ ሉህ ፊልም ፈሳሽ ዲቨሎፐር መምረጥ፦ ከቅንጣት ይልቅ ጊዜ

ዲቨሎፐር፣ ማለትም በፊልም ላይ ያረፈውን ስውር ምስል ወደሚታይ ብር የሚለውጠው ኬሚካል፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚመረጠው በቅንጣት ልስላሴ ነው። መመዘኛው የተወረሰው ከ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ሲሆን ለዚያ ፊልም ተገቢ ነው፤ 24 በ36 ሚሊ ሜትር የሆነን ኔጋቲቭ በ40 በ50 ሴንቲ ሜትር ወረቀት ላይ ለማተም ከ14 እስከ 17 እጥፍ ማጉላት ያስፈልጋልና። 4 በ5 ኢንች የሆነው ሉህ ፊልም ግን ለዚያው ወረቀት የሚጎላው 4 እጥፍ ገደማ ብቻ ነው። በዚህ መጠን ቅንጣት ዋና ጉዳይ መሆኑ ይቀራል፤ ይህ ጽሑፍም በምትኩ የእጥበት ጊዜ ርዝመት ቀዳሚ መመዘኛ መሆን እንዳለበት ይከራከራል።

ምክንያቱ ከአሠራሩ ይመነጫል። ሉህ ፊልም በትሪ የሚታጠበው በፍጹም ጨለማ፣ በጣት ዳሰሳ ነው። አስቀድመው በውሃ የረጠቡ 6 ሉሆች አንድ በአንድ ወደ ዲቨሎፐሩ ይገባሉ፤ ከሥር ያለው እየተነሣ ከላይ ይደረጋል፤ ጊዜው ሲያበቃም በገቡበት ቅደም ተከተል ይወጣሉ። በየ5 ሴኮንዱ አንድ ሉህ የሚያነሣ እጅ አንዱን ዙር በ30 ሴኮንድ ይጨርሳል። አንድ ሉህ ተጣብቆ መውጫው በአንድ ዙር ቢዘገይ የ5 ደቂቃ እጥበት 10 በመቶ፣ የ10 ደቂቃ እጥበት ደግሞ 5 በመቶ ስሕተት ይሸከማል። ኮዳክም ከ5 ደቂቃ ያነሰ እጥበት ወጥ ያልሆነ ውጤት ሊያስከትል እንደሚችል ያስጠነቅቃል። ጉድለቱ ጎልቶ የሚታየው ሰማይን በመሰለ ሰፊና ወጥ ገጽታ ላይ ነው፤ ለአንድ ትዕይንት አንድ ሉህ ብቻ ላነሣ ሰው ደግሞ መተኪያ የለውም።

ኢልፎርድ ኤችፒ5 ፕላስን እንውሰድ። በኮዳክ ኤችሲ-110፣ በ1+31 ቅጥነትና በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ የሚመከረው ጊዜ 5 ደቂቃ ነው፤ ገደቡ ጫፍ ላይ ማለት ነው። አሁን የላሊበላውን ቤተ ጊዮርጊስ በቀትር ፀሐይ ለማንሣት እናስብ። ጣሪያው በብርሃን ነጭቶ፣ በዙሪያው የተፈለፈለው ጥልቅ ጉድጓድ በጥላ ይዋጣል። አንሰል አዳምስና ፍሬድ አርቸር በቀመሩት የዞን ሥርዓት መሠረት እንዲህ ያለው ትዕይንት ለጥላው በቂ ብርሃን ከተሰጠው በኋላ የእጥበት ጊዜው ይቀነስለታል። ቅነሳው 20 በመቶ ቢሆን 5 ደቂቃው ወደ 4 ይወርዳል፤ ኮንትራስቱን ለማዳን የተወሰደው እርምጃ ሰማዩን ያበላሻል። ያው ኬሚካል በ1+63 ቀጥኖ መነሻው 10 ደቂቃ ቢደረግ ግን ከቅነሳ በኋላም 8 ደቂቃ ይተርፋል። ጊዜውን እጥፍ ማድረግ መነሻ ግምት እንጂ ሕግ አይደለም፤ በሙከራ መስተካከል አለበት።

ቅጥነቱ የራሱ ጣጣ አለው። ለ1 ሊትር የሚያስፈልገው 15.6 ሚሊ ሊትር ብቻ ስለሆነ በመለኪያው ላይ 1 ሚሊ ሊትር መሳሳት ከ6 በመቶ በላይ ነው። መፍትሔው በሁለት ደረጃ ማቅጠን ነው፦ መጀመሪያ በ1+3፣ ከዚያም በ1+15። በሁለተኛው ደረጃ የሚለካው 62.5 ሚሊ ሊትር ስለሚሆን ተመሳሳዩ ስሕተት ወደ 1.6 በመቶ ዝቅ ይላል። የመጀመሪያው ደረጃ ፈሳሽ ግን ካልቀጠነው ቶሎ ስለሚደክም በብዛት አዘጋጅቶ ማስቀመጥ አይበጅም።

ከ1891 ጀምሮ የሚታወቀው ሮዲናል የጊዜውን መመዘኛ ያለ ብዙ ጣጣ ያሟላል፤ ለዚሁ ፊልም በ1+50 የሚያስፈልገው 11 ደቂቃ ነው። ሲቀጥን የሰልፋይት መጠኑ አነስተኛ ስለሚሆን ቅንጣትን አያለሰልስም፤ ለ35 ሚሊ ሜትር ነቀፌታ የሆነው ይህ ጠባይ ለሉህ ፊልም እምብዛም አያስጨንቅም። የተከፈተ ጠርሙሱ ለዓመታት መቆየቱም በወር ጥቂት ሉሆች ብቻ ለሚያጥብ ቤተ ሙከራ ትልቅ ጥቅም ነው። የኤችሲ-110ን ዕድሜ በተመለከተ የሚነገረው ዝና ግን የቀድሞውን ወፍራም ቀመር የሚመለከት ነው፤ ቀመሩ በ2019 ስለተለወጠ ለአዲሱ ሳይመረመር ሊወረስ አይገባም። የሮዲናል ድክመት በጥላ በኩል ነው፤ የፊልሙን ውጤታማ ፍጥነት በመጠኑ ስለሚቀንስ በቤተ ጊዮርጊስ ጉድጓድ ውስጥ ያለውን ዝርዝር ለማቆየት ተጨማሪ ብርሃን ይጠይቃል። በዚህ ጸሐፊ ግምት ለእንዲህ ያለው ትዕይንት የቀጠነው ኤችሲ-110 ይሻላል፤ ብርሃኑ ለስላሳ ለሆነ ትዕይንት ሮዲናል ይበቃል።

የኢልፎርዱ ዲዲ-ኤክስ ለጥላ ከሁሉ የተሻለ ሲሆን ጊዜውም 9 ደቂቃ ነው። ሆኖም በ1+4 ስለሚቀጥን ለ1 ሊትር 200 ሚሊ ሊትር ይፈጃል፤ ከተከፈተ በኋላም ዕድሜው በወራት የሚቆጠር ነው። በየሳምንቱ ለሚሠራበት ክፍል እንጂ አልፎ አልፎ ለሚከፈት ጨለማ ክፍል አይመከርም።

የትኛውም ቢመረጥ ዋናው ሥራ ከመጀመሩ በፊት ወጥ ብርሃን ያረፈበትን ግራጫ ግድግዳ፣ ትኩረቱን አጥፍቶ፣ በ6 ሉሆች ማንሣትና በታቀደው አኳኋን በአንድነት ማጠብ ይገባል። ሉሆቹ ሲደርቁ በብርሃን ሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን ይደረደራሉ፤ ጠርዙ ከመሐሉ የጠቆረ ሉህ ካለ ሊለወጥ የሚገባው ብዙውን ጊዜ ኬሚካሉ ሳይሆን የእጁ ፍጥነት ነው።