ስለ ቅንብር ፋይል አነባበብና አጻጻፍ

በኮምፒዩተር የሚሠራ ፕሮግራም ብዙውን ጊዜ ሁለት ነገር አለው። አንደኛው ሥራውን የሚያዝዘው ኮድ ነው፤ ሁለተኛው እንደ ቦታውና እንደ ተጠቃሚው ፈቃድ የሚለዋወጠው ቅንብር ነው፤ ይኸውም የገጹ ቋንቋ፥ የፊደሉ መጠን፥ መዝገቡ የሚቀመጥበት ስፍራ፥ ይህንም የመሰለው ነው። ቅንብሩ ከኮዱ ጋራ ተቀላቅሎ የተጻፈ እንደ ሆነ ስለ ጥቂት ለውጥ ኮዱን መንካት ግድ ይሆናል። ስለዚህ ለብቻው በፋይል ይጻፋል።

ከነዚህ ፋይሎች ቀላሉ አይ.ኤን.አይ. የሚባለው ነው። የክፍሉ ስም በማዕዘን ቅንፍ ይገባል፤ ከበታቹም በየመስመሩ ስምና ዋጋ በእኩል ምልክት ተለይተው ይጻፋሉ፤ እንዲህ፦

[ገጽ]
ቋንቋ = አማርኛ
መጠን = 14

ስለ ማንበብ።

በ1991 እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በወጣው በፓይተን ቋንቋ ይህን የሚያነበው ኮንፊግፓርሰር ነው። በዚህ ጊዜ ሦስት ነገር ማስተዋል ይገባል። መጀመሪያ፥ የሚነበበው ዋጋ ሁሉ ቍጥር ሳይሆን ጽሑፍ ነው። ፕሮግራሙ 14ን በ2 ቢያባዛ 28 ማግኘቱ ቀርቶ 1414 ይወጣበታል፤ ስለዚህ ጌትኢንት በሚባለው ትእዛዝ ወደ ቍጥር ይለወጥ። ሁለተኛ፥ ፋይሉ ቢጠፋ ኮንፊግፓርሰር ስሕተት ሳይናገር ዝም ብሎ ያልፋል፤ ስለዚህ ለእያንዳንዱ ስም ምትክ ዋጋ አስቀድሞ ይዘጋጅ። ሦስተኛ፥ የኛ ፊደል በ1999 እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ወደ ዩኒኮድ ገብቷልና፥ ፋይሉ ሲነበብም ሲጻፍም ዩቲኤፍ-8 ተብሎ በግልጽ ይታዘዝ፤ ያለዚያ ፊደሉ ሊበላሽ ይችላል።

ስለ መጻፍ።

መጻፍ ከማንበብ ይልቅ ጥንቃቄ ይሻል። ፋይል ለመጻፍ በተለመደው መንገድ ሲከፈት የቀድሞው ጽሑፍ ወዲያው ይጠፋል። በዚያች ቅጽበት መብራት ቢቋረጥ አሮጌውም አዲሱም አይገኝም። ብልኅ ጸሓፊ አዲሱን ቅጂ ጽፎ ሳይጨርስ አሮጌውን ብራና እንዳይፍቅ፥ ፕሮግራሙም አዲሱን ቅንብር በዚያው ማኅደር በሌላ ስም ይጻፍ፤ ጽሑፉም ወደ ዲስኩ መድረሱን ካረጋገጠ በኋላ ኦኤስ.ሪፕሌስ በሚባለው ትእዛዝ በአሮጌው ስፍራ ይተካው። ደግሞም ኮንፊግፓርሰር መልሶ ሲጽፍ ሰው ያኖራቸውን የማስታወሻ መስመሮች አይጠብቅም፤ ስለዚህ ማስታወሻው በሌላ ስፍራ ይቀመጥ። የምስጢር ቃልም ብዙ ሰው በሚያየው የቅንብር ፋይል ፈጽሞ አይጻፍ።

መልመጃ።

መምህሩ ተማሪዎቹን ከላይ የተጻፈውን ፋይል ያስጽፋቸው፤ ቀጥሎም መጠኑን ወደ 18 እንዲለውጡ ይዘዛቸው። በመጨረሻ ፋይሉን ከስፍራው አንሥቶ ፕሮግራሙ ምን እንደሚያደርግ ይጠይቃቸው። ምትክ ዋጋ ያዘጋጀ ተማሪ ሥራው ይቀጥላል፤ ያላዘጋጀም ጕድለቱን በዐይኑ አይቶ ይማራል።