የድምፅ ማጉያን ቮልት በጎን እያፈሰሰ ስለሚጠብቅ መሣሪያ

ለመምህራንና ማንበብ ለሚችሉ የአገር ሽማግሌዎች የተዘጋጀ የእጅ ሥራ ትምህርት

ምዕራፍ 1፤ መሣሪያው ስለ ምን ያስፈልጋል

በትምህርት ቤት ድምፅ ማጉያ የሚቆመው በኋላ የተቀመጠው ልጅ በፊት ከተቀመጠው ልጅ ጋራ እኩል እንዲሰማ ነው። ነገር ግን ማጉያው ራሱ እንደ ንብ ቀፎ የሚያጉረመርም ቢሆን የመምህሩ ቃል በጕርምርምታው ውስጥ ይሰጥማል፤ ልጁም ግማሹን ሰምቶ ግማሹን ገምቶ ይሄዳል። በግምት የተያዘ ትምህርት ደግሞ ካልተያዘው የከፋ ነው፤ ያልተያዘው ይጠየቃል፥ በግምት የተያዘው ግን እንደ እውነት ይኖራልና።

ጕርምርምታው ከወዴት ይመጣል ቢሉ፥ ብዙውን ጊዜ ማጉያውን ከሚመግበው የኤሌክትሪክ ኃይል ነው። በኢትዮጵያ ከመስመር የሚመጣው ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ሆኖ በሴኮንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። ይህ ተመላላሽ ኃይል በአራት ዳዮዶች አልፎ ወደ አንድ አቅጣጫ እንዲሄድ ሲደረግ በሴኮንድ 100 ጊዜ ከፍ ዝቅ የሚል ይሆናል። ጆሮ ይህን 100 እንቅስቃሴ እንደ ወፍራም ድምፅ አድርጎ ይሰማዋል። ማይክሮፎን የሚሰጠው ኃይል ጥቂት ሚሊቮልት ብቻ ስለ ሆነ፥ ትንሽ የኃይል መናወጥ እንኳ ከቃሉ ጋራ አብሮ ይጎላል። ስለዚህ ማይክሮፎኑን ወይም የሸክላ ማጫወቻውን በመጀመሪያ የሚቀበለው ቅድመ ማጉያ የማይናወጥ ቮልት ሊሰጠው ይገባል።

ምዕራፍ 2፤ የአሠራሩ ምሥጢር

የውሃ ወፍጮ ያለው ሰው ይህን ነገር ፈጥኖ ያስተውለዋል። ወንዙ አንድ ቀን ይሞላል፥ አንድ ቀን ይጎድላል። ባለ ወፍጮው ግን ድንጋዩ በእኩል እንዲዞር ስለሚፈልግ፥ በቦዩ ጎን በተወሰነ ከፍታ ላይ ማፍሰሻ ይከፍታል። ውሃው ከዚያ ከፍታ ሲያልፍ ትርፉ በማፍሰሻው ወጥቶ ወደ ወንዙ ይመለሳል፤ ወደ ወፍጮው የሚሄደው ውሃ ግን ከፍታው አይለወጥም። ቦዩም ከወንዙ የሚገባውን ውሃ የሚወስን ጠባብ አፍ አለው።

የቮልት ጠባቂውም እንዲሁ ነው። ጠባቡ አፍ ሬዚስተር ነው፤ ማፍሰሻው ዜነር ዳዮድ ነው፤ ወፍጮው ቅድመ ማጉያው ነው። ዜነር ዳዮድ በተወሰነለት ቮልት ላይ ሲደርስ ይከፈትና ትርፉን ኮረንቲ በጎን ያሳልፋል። ማጉያው ብዙ ሲወስድ ዜነሩ ጥቂት ይወስዳል፤ ማጉያው ጥቂት ሲወስድ ዜነሩ ብዙ ይወስዳል፤ የሁለቱ ድምር ግን አይለወጥም ማለት ይቻላል።

ከዚህ የሚገኘው ጥቅም ምንድን ነው ቢሉ፥ ሁለት ነው። አንደኛው፥ ከኋላ ያለው ምንጭ ሁል ጊዜ አንድ ዓይነት ሸክም ስለሚሸከም፥ ድምፁ ከፍ ዝቅ ሲል የሚፈጠረው የኮረንቲ ለውጥ ወደ ምንጩ ተመልሶ ሌላውን መሣሪያ አያውክም። ሁለተኛው፥ የመውጫው ሽቦዎች በስሕተት ቢነካኩ ሬዚስተሩ ኮረንቲውን ስለሚወስነው መሣሪያው አይቃጠልም። ጉዳቱስ ቢሉ፥ በማፍሰሻው የወጣው ኃይል ሁሉ ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። እንግዲህ ይህ መሣሪያ ጸጥታን የሚገዛው በብክነት ነው።

የዜነር ዳዮድ ስም የተወሰደው ከአሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ከክላሬንስ ዜነር ነው። እርሱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1934 ዓ.ም. ኤሌክትሪክ የማያሳልፉ ነገሮች በብርቱ ኃይል ሥር እንዴት እንደሚሸነፉ በጽሑፍ ገለጠ። ይሁን እንጂ ከ6 ቮልት በላይ የሆኑት ዳዮዶች፥ ስማቸው ዜነር ቢባልም፥ የሚሠሩት በአብዛኛው በሌላ መንገድ ነው፤ ይኸውም አንዱ ኤሌክትሮን ሌላውን እየመታ እንደ ናዳ እየበዛ የሚሄድበት ነው። ከዳዮዱ አስቀድሞ በቫልቭ ራዲዮዎች ዘመን ይህን ሥራ በጋዝ የተሞሉ የመስታወት ቱቦዎች ይሠሩት ነበር፤ አሠራራቸውም በጎን ማፍሰስ ነበር።

ምዕራፍ 3፤ የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ለምሳሌ የተመረጠው 12 ቮልትና 20 ሚሊአምፔር የሚፈልግ ቅድመ ማጉያ ነው። ለዚህ የሚያስፈልጉት እነዚህ ናቸው።

በሣጥኑ ውስጥ የተዘጋና ፊውዝ ያለው፥ ከ220 ቮልት ወደ 15 ቮልት ተመላላሽ የሚያወርድ ትራንስፎርመር 1፤
1ኤን4002 የሚባል ዳዮድ 4፤
2200 ማይክሮፋራድ፥ 35 ቮልት የሆነ ካፓሲተር 1፤
1000 ማይክሮፋራድ፥ 35 ቮልት የሆነ ካፓሲተር 1፤
100 ማይክሮፋራድ፥ 25 ቮልት የሆነ ካፓሲተር 1፤
100 ኦም፥ 2 ዋት የሆነ ሬዚስተር 1፤
120 ኦም፥ 2 ዋት የሆነ ሬዚስተር 1፤
1ኤን4742ኤ የሚባል የ12 ቮልት፥ 1 ዋት ዜነር ዳዮድ 1፤
ለፈተና 1200 ኦም የሆኑ ሬዚስተሮች 2፤
መበየጃ፥ ስታኞ፥ ፒንሳና ቴስተር።

ማስጠንቀቂያ። 220 ቮልት ሰውን ይገድላል። ስለዚህ መምህሩ የትራንስፎርመሩን ሣጥን አይከፍትም፤ ተማሪም ወደ ሶኬቱ አይቀርብም። የሣጥኑ ገመድ የተላጠ ወይም የተቀጠለ ከሆነ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ሳያየው አይሰካም። የትምህርቱ ሥራ ሁሉ የሚሠራው በ15 ቮልቱ በኩል ብቻ ነው፤ እርሱም ቢሆን ሳይነቀል አይነካም።

ምዕራፍ 4፤ ስሌቱ

መሣሪያውን ሳያሰላ የሚሠራ ሰው ሳይለካ ጨርቅ እንደሚቀድ ልብስ ሰፊ ነው። ስሌቱ የሚቆመው በኦም ሕግ ላይ ነው፤ ይኸውም ቮልት ለኦም ሲካፈል አምፔር ይሆናል ማለት ነው።

በመጀመሪያ። 15 ቮልት ተመላላሽ በ1.414 ሲባዛ 21.2 ይሆናል፤ ኮረንቲው በአንድ ጊዜ በሁለት ዳዮዶች ስለሚያልፍ 1.4 ቮልት ይቀነሳል፤ በትልቁ ካፓሲተር ላይ 20 ቮልት ያህል ይቀራል።

ሁለተኛ። ከ20 ላይ የዜነሩ 12 ሲቀነስ 8 ቮልት ይተርፋል። ይህን የሚሸከሙት ሁለቱ ሬዚስተሮች ናቸው፤ ድምራቸውም 220 ኦም ነው። 8 ለ220 ሲካፈል 36 ሚሊአምፔር ያህል ይሆናል። ከዚህ 20ው ለማጉያው፥ 16ቱ ለዜነሩ ነው።

ሦስተኛ። ማጉያው ቢነቀል 36ቱ ሁሉ በዜነሩ ያልፋል። 12 ቮልት በ0.036 አምፔር ሲባዛ 0.43 ዋት ነው። የመስመሩ ኃይል ከፍ ብሎ 20ው ቮልት 22 ቢሆን እንኳ 0.55 ዋት ያህል ነው። የዜነሩ ችሎታ 1 ዋት ስለ ሆነ ይችለዋል።

አራተኛ። ሬዚስተሩ ስለ ምን ለሁለት ተከፈለ ቢሉ፥ በመካከሉ ካፓሲተር ለማግባት ነው። በትልቁ ካፓሲተር ላይ ያለው መናወጥ 165 ሚሊቮልት ያህል ነው። 100 ኦሙና የ1000 ማይክሮፋራዱ ካፓሲተር በአንድነት ይህን ወደ 2.6 ሚሊቮልት ያወርዱታል። ዜነሩም በውስጡ 9 ኦም ያህል መቋቋም ስላለው፥ ከ120 ኦሙ ጋራ ሆኖ የቀረውን እንደ ገና በ14 እጅ ይቀንሰዋል። በመጨረሻ የሚቀረው የ1 ሚሊቮልት አንድ አምስተኛ ያህል ነው። አንዱ ባለ 220 ኦም ሬዚስተር ብቻውን ቢሆን ግን ከ6 ሚሊቮልት በላይ ይቀር ነበር። እንግዲህ አንድ ካፓሲተር መጨመር ከ30 እጅ በላይ ጸጥታን ይሰጣል።

ምዕራፍ 5፤ አሠራሩ በተራ

1ኛ፤ አራቱን ዳዮዶች በአራት ማዕዘን መግጠም። በሁለቱ ዳዮዶች ላይ ያሉት ነጭ መስመሮች የሚገናኙበት ማዕዘን ፖዘቲቭ ነው፤ መስመር የሌላቸው ጫፎች የሚገናኙበት ማዕዘን ኔጌቲቭ ነው። የትራንስፎርመሩ ሁለት ሽቦዎች በቀሩት ሁለት ማዕዘኖች ይገባሉ።

2ኛ፤ የ2200ውን ካፓሲተር በፖዘቲቭና በኔጌቲቭ መካከል መበየድ። ካፓሲተር ተገልብጦ ቢገባ ይፈነዳልና ምልክቱን ሁለት ጊዜ ማየት ይገባል።

3ኛ፤ ከፖዘቲቩ 100 ኦሙን፥ ከእርሱ ቀጥሎ 120 ኦሙን መቀጠል። በሁለቱ መጋጠሚያ ላይ የ1000ውን ካፓሲተር ፖዘቲቭ መበየድ፤ ኔጌቲቩ ወደ ኔጌቲቩ መስመር ይሄዳል።

4ኛ፤ በ120 ኦሙ መጨረሻ ላይ ዜነሩን መበየድ። የዜነሩ መስመር ያለበት ጫፍ ወደ ፖዘቲቭ ነው። አንባቢው ይህን ልብ ይበል፤ ዜነር የሚገባው ከተራ ዳዮድ ተገልብጦ ነው።

5ኛ፤ የ100 ማይክሮፋራዱን ካፓሲተር ከዜነሩ ጋራ ጎን ለጎን ማድረግ። ናዳው በዜነሩ ውስጥ ሲወርድ እንደ ዝናብ ሹክሹክታ ያለ ድምፅ ይፈጥራል፤ ይህ ካፓሲተር ያንን ይውጠዋል።

6ኛ፤ ወደ ማጉያው የሚሄዱትን ሁለት ሽቦዎች ከዜነሩ እግር ላይ ማንሣት። የኔጌቲቩ ሽቦ ከትልቁ ካፓሲተር አጠገብ ቢነሣ፥ ካፓሲተሩ በሚሞላበት ጊዜ የሚያልፈው ብርቱ ኮረንቲ ከድምፁ ጋራ መንገድ ይጋራል፤ የጠፋው ጕርምርምታም ተመልሶ ይመጣል። ትራንስፎርመሩም ከማጉያው ይራቅ።

ሬዚስተሮቹና ዜነሩ ስለሚሞቁ ከእንጨቱ ወይም ከካርቶኑ ከፍ ብለው ይገጠሙ፤ ካፓሲተሮችም ከእነርሱ ይራቁ።

ምዕራፍ 6፤ ፈተና

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፥ ማጉያውን ከመግጠም አስቀድሞ መሣሪያው ብቻውን ይፈተን። በትልቁ ካፓሲተር ላይ 20 ቮልት ያህል፥ በሁለቱ ሬዚስተሮች መጋጠሚያ 16.4 ያህል፥ በመውጫው ከ11.4 እስከ 12.6 ሊገኝ ይገባል። ትንንሽ ትራንስፎርመሮች ሸክማቸው ሲያንስ ከተጻፈባቸው በላይ ስለሚሰጡ፥ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቁጥሮች ጥቂት ከፍ ቢሉ አያስደነግጥም፤ የመጀመሪያው ከ24 ቢያልፍ ግን ትራንስፎርመሩ ይለወጥ።

ከዚያ በኋላ ሁለቱን 1200 ኦሞች ጎን ለጎን አድርጎ በመውጫው ላይ መግጠም። ሁለቱ በአንድነት 600 ኦም ሆነው 20 ሚሊአምፔር ስለሚወስዱ፥ ማጉያውን መስለው ይቆማሉ። መውጫው ከ0.2 ቮልት ያህል በላይ ካልወረደ ሥራው መልካም ነው።

መውጫው 0.7 ቮልት ብቻ ቢሆን ዜነሩ ተገልብጧል። ያለ ሸክም ወደ 20 ቮልት ቢወጣ ዜነሩ አልተበየደም ወይም ተቃጥሏል፤ እንዲህ ሳለ ማጉያው ቢገጠም ይጎዳል። ሸክም ሲገጠም 1 ቮልትና ከዚያ በላይ ቢወርድ፥ ከመስመሩ የሚመጣው ኃይል አንሷል።

ምዕራፍ 7፤ መሣሪያው የማይችለው

ማፍሰሻ ትርፍ ውሃን ያፈሳል እንጂ የጎደለ ወንዝን አይሞላም። በዚህ ስሌት የመስመሩ ኃይል ከ195 ቮልት ያህል በታች ሲወርድ ለዜነሩ የሚተርፈው ከ5 ሚሊአምፔር ያንሳል፤ ከዚያም በታች ሲሄድ ጠባቂው ጠባቂ መሆኑ ይቀራል። በምሽት መብራት በሚደክምበት መንደር መምህሩ አስቀድሞ በዚያው ሰዓት ይለካ፤ ኃይሉ የሚወርድ ከሆነ ባለ 18 ቮልት ትራንስፎርመር ይመረጥና ስሌቱ ከመጀመሪያው ይደገም።

ዳግመኛም፥ ኃይሉን ከፀሐይ ብርሃን በባትሪ የሚያገኝ ትምህርት ቤት ይህን መሣሪያ መምረጥ አይገባውም። 36 ሚሊአምፔር ሌሊትና ቀን ሲፈስ በ24 ሰዓት 0.86 አምፔር ሰዓት ይሆናል፤ ማጉያው ቢዘጋ እንኳ ይህ አይቋረጥም። ለሌሊት መብራት የሚበቃ ኃይል በከንቱ ይፈሳል። እንደዚሁም ለትልቁ ማጉያ፥ ማለት የድምፅ ማውጫውን ለሚገፋው፥ ይህ አሠራር አይሆንም፤ ብክነቱ ከጥቅሙ ይበልጣልና።

ለተማሪዎች የሚቀርቡ ጥያቄዎች

1፤ ማጉያው ከ20 ይልቅ 10 ሚሊአምፔር ብቻ ቢወስድ በዜነሩ ስንት ያልፋል?
2፤ የመውጫው ሽቦዎች ቢነካኩ በሬዚስተሮቹ የሚያልፈው ኮረንቲ ስንት ነው? የ2 ዋት ሬዚስተር የተመረጠው ስለ ምንድን ነው?
3፤ በወፍጮው ምሳሌ ትልቁ ካፓሲተር በምን ይመሰላል?

ለ3ኛው ጥያቄ ሽማግሌዎች ከልጆች ጋራ ቢመክሩ መልካም ነው። ስለ ውሃው ቦይ እነርሱ ያውቃሉ፤ ስለ ኮረንቲው ልጆቹ ይማራሉ፤ ሁለቱ ዕውቀቶች ሲገናኙ ትምህርቱ ይጸናል።