ኮሰረት የገባበት ቅቤ ለምን ይቆያል?

ሁለት እናቶች ገበያ ወጥተው ከአንድ ሻጭ ቅቤ ገዙ እንበል። አንደኛዋ ለጋውን እንዳለ አስቀመጠችው። ሁለተኛዋ በኮሰረትና በኮረሪማ አንጥራ ከደነችው። ሳምንታት ሲያልፉ የአንደኛዋ ቅቤ ሽታው ተለወጠ፤ ሲቀምሱትም ጉሮሮ ይከረክራል። የሁለተኛዋ ግን ገና ለወጥ ይሆናል። ይህን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ እኔ የምጽፈው ምክንያቱን ነው።

የቅቤ ጠላቶች ሁለት ናቸው። አንደኛው በውስጡ የቀረው ውሃና አሬራ ነው፤ ተሕዋስያን የሚራቡት በዚያ ነው። ማንጠር ይህን ያስወግዳል። ሁለተኛው በዓይን አይታይም፤ አየር ውስጥ ያለው ኦክሲጅን ነው። ማረሻችሁ ዝናብ ላይ ሲያድር የሚያዝገው እሱው ነው። ስብንም ያበላሻል፤ ብርሃን፣ ሙቀት፣ የመዳብና የብረት ዕቃ ደግሞ ሥራውን ያፋጥኑለታል። ክፋቱ አንዱ የተበላሸ የስብ ቅንጣት አጠገቡ ያለውን ይነካል፣ ያም ሌላውን። በደረቅ ሣር ላይ እንደተነሣ ሰደድ እሳት ማለት ነው።

ይህን ሰደድ የሚገታ ነገር አንቲኦክሲዳንት ይባላል። ከስቡ ቀድሞ ራሱ ይቃጠላል። ሲያልቅ ግን አለቀ፤ ስለዚህ ጥፋቱን ያዘገያል እንጂ ጨርሶ አይከለክልም። ኮሰረት፣ ኮረሪማ፣ እርድና ጦስኝ ተመርምረው ይህ ባሕርይ ተገኝቶባቸዋል። ሥጋ ሲጠበስ የሚገባው የጥብስ ቅጠል፣ ሮዝሜሪ የሚሉት፣ በዚህ እጅግ የታወቀ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2010 እ.ኤ.አ. ከሱ የሚወጣው ንጥር ምግብ እንዳይበላሽ እንዲጨመር ፈቅዷል።

ባለሙያዎች ንጥሩን እንዴት ያወጣሉ? ቅጠሉን ያደርቃሉ፣ ይወቅጣሉ፣ አልኮል ውስጥ ዘፍዝፈው ያጠሉታል። እናቶቻችንስ? ያው አይደል እንዴ! በአልኮል ፋንታ የጋለው ቅቤ ነው በስብ የሚሟማውን ከቅጠሉ ስቦ የሚያወጣው፤ ቀጥሎ ማጥለል። ይህን ስረዳ ሣቄ መጣ። ከዚያ ባለሙያው ንጥሩን ሐምራዊ ቀለም ባለው ውሕድ ላይ ጠብ ያደርጋል። ሐምራዊው ወደ ቢጫ ከተለወጠ አንቲኦክሲዳንት አለበት ይላል።

እዚህ ላይ ግን ቆም በሉ። ይህን የሰማ ሰው፣ "እንግዲያው ቅጠሉን አፍልቼ ብጠጣ ካንሰር አይደርስብኝም" ሊል ይችላል። ብርጭቆ ውስጥ ቀለም መለወጥና ሰው ሆድ ገብቶ በሽታ መከላከል ለየቅል ናቸው። ፊንላንድ አገር ሲጋራ የሚያጨሱ 29,133 ወንዶች በአንድ ጥናት ተካፈሉ። ገሚሶቹ ለካሮት ቀለሙን የሚሰጠውን ቤታ ካሮቲን በኪኒን ወሰዱ። እሱም አንቲኦክሲዳንት ነው፤ ሳንባቸውን ከካንሰር ይጠብቃል ተብሎ ነበር። ውጤቱ በ1994 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ኪኒኑን በወሰዱት ላይ የሳንባ ካንሰር በ18 በመቶ በልጦ ተገኘ። ካሮት መብላት ይጎዳል ማለት አይደለም፤ ተነጥሎ በብዛት ሲገባ ግን ሌላ ነገር ሆነ። የኛው ኮሶስ ቢሆን? ትሉን ያስወጣል፤ መጠኑ ሲያልፍ ዓይን ይጎዳል። የታመመ ሰው ጤና ጣቢያ ይሂድ።

የቅቤውን ነገር ግን ራሳችሁ ፈትኑት። ከላይ የሁለቱ እናቶች ቅቤ በማንጠርም በቅመምም ስለሚለያይ የትኛው እንደጠቀመ አይለይም። ስለዚህ አንዱን ቅቤ ለሁለት ክፈሉና ሁለቱንም አንጥሩ፤ አንዱን በኮሰረት፣ ሌላውን ባዶውን። እኩል በሆኑ ንጹሕና ደረቅ ጠርሙሶች ከድናችሁ አንድ ቦታ ላይ አስቀምጡ። ቀኑንና የገባበትን በወረቀት ጽፋችሁ ለጥፉ። በየሳምንቱ አሽትታችሁ ያገኛችሁትን ከሥሩ ጻፉ። እርጥብ ማንኪያ እንዳይነካው አደራ፤ ውሃ ከገባ የመጀመሪያው ጠላት ይመለስና ያበላሸው የትኛው እንደሆነ አይታወቅም።